የሪሞት መኪና ከምን ትሞታለች?

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፤ ጠረጴዛው ላይ የተፈታችው መኪና ዕቃዋ ጥቃቅን ስለሆነ ከሩቅ አይታይም። ዛሬ የምናወራው ስለ ፍጥነት አይደለም። ስለ ፍጥነት መስማት ለፈለገ ቪዲዮው ሞልቷል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ አንዷ መኪና 20 እና 30 ዓመት ስትነዳ ሌላዋ በ6 ወሯ ካርቶን ገብታ የምትቀረው ለምንድን ነው?

ጀማሪ የሚፈራው ግጭትን ነው። መኪናዋ ከግንብ ስትላተም ልቡ አብሮ ይሰበራል። ግጭት ግን ከጉዳቶች ሁሉ ቀላሉ ነው። የተሰበረው ዕቃ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ የፊት ክንድ፣ ማለትም ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው ፕላስቲክ ነው፤ ጥቂት ብሎን ተፈትቶ በ15 ደቂቃ ይቀየራል። መኪና የሚገድለው ሙቀት፣ አቧራና መቀመጥ ነው። ከሦስቱም የሚከፋው መቀመጥ ነው፤ ቁም ሳጥን ላይ የሚሞቱት ሜዳ ላይ ከሚሞቱት ይበዛሉ።

በቅድሚያ ስለየትኛዋ መኪና እንደምናወራ እንግባባ። ተራ መጫወቻ ሆዱ ሲከፈት ያለው አንድ ቦርድ ነው። ሲግናል ተቀባዩም፣ የሞተሩ መቆጣጠሪያም፣ የመሪው ሽቦም እዚያው ላይ ተበይዷል፤ አንዱ ሲቃጠል ሁሉም አብሮ ያበቃል። እኛ የምንላት መኪና እያንዳንዱ ዕቃዋ ለብቻው ነው፦ ሪሲቨር (ሲግናል ተቀባዩ)፣ ስፒድ ኮንትሮል (የሞተሩ መቆጣጠሪያ)፣ ሰርቮ (መሪውን የሚያዞረው)፣ ሞተር፣ ባትሪ። ሁሉም በሶኬት ይነቀላል። መለያው ቀላል ነው፤ የአንድ ክንድ መለዋወጫ የራሱ ቁጥር ኖሮት ለብቻው ይሸጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የማይሸጥ ከሆነ፣ ዋጋዋ ምንም ቢወደድ መጫወቻ ናት።

ዕድሜን የሚወስነው ይኸው መለዋወጫ ነው። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ፣ መቀመጫው ሺዙኦካ ከተማ፣ የመጀመሪያዋን ሪሞት መኪና ያወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ 1 ለ12 የሆነች፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 12 ጊዜ ያነሰች ፖርሽ 934 ነበረች። በ1979 አሸዋ ላይ የሚነዱትን ሳንድ ስኮርቸርንና ራፍ ራይደርን፣ በ1984 ደግሞ ሆርኔትን አወጣ። በዚያው 1984 የአሜሪካው አሶሼትድ ወርቃማ የአሉሚኒየም ሻሲ ያላትን አርሲ 10 ይዞ መጣ፤ በ1985 ካሊፎርኒያ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የ1 ለ10 የኤሌክትሪክ ኦፍሮድ (ከአስፋልት ውጪ የሚነዳ) የዓለም ሻምፒዮና በባለ 2 ጎማ ነጂ ምድብ ያሸነፈችው እሷ ነች። ሆርኔት ውድድር አሸናፊ አልነበረችም፤ የኋላዋ እንደ ፍየል ይዘላል። ግን በ2004 ታሚያ እንደገና ስላመረታት የ1984ቱን ሆርኔት የያዘ ሰው ዛሬም አዲስ ክንድና አዲስ ማርሽ ያገኛል። መኪና ስትመርጡ ከፍጥነቷ በፊት ይህን እዩ።

ማቆየት የሚጀምረው ከካቻቢቴ ነው። የጃፓን መኪና ባለ ኮከብ ብሎን ከተለመደው ፊሊፕስ ጋር አንድ ይመስላል፤ አይደለም። የጃፓኑ ደረጃ ጄአይኤስ ይባላል። የተለመደው ፊሊፕስ ካቻቢቴ ጫፉ እስከ ታች ሳይገባ ይቀርና ጠበቅ ስታደርጉት ወደ ላይ እየወጣ የብሎኑን ራስ ይልጠዋል። ጄአይኤስ ካቻቢቴ ግዙ፤ ለ3 ሚሊ ሜትር ብሎን 2 ቁጥር ነው። ራሱ የተላጠ ብሎን ማለት አንድ ቀን የማይፈታ፣ በድሪል የሚወጣ ብሎን ማለት ነው።

ይህችን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ ብሎን መጀመሪያ ሲገባ የራሱን ጥርስ ቆርጦ ነው። ፈትታችሁ ስትመልሱት ዝም ብላችሁ ካጠበቃችሁ በቀድሞው ላይ ሌላ ጥርስ ይቆርጣል። ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብሎኑም በባዶ ይሽከረከራል። ስለዚህ ብሎኑን ቀዳዳው ላይ አቁሙና መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ መፍቻው፣ በቀስታ አዙሩት። አንድ ዙር ሳይሞላ ጠብ ሲል ጣታችሁ ይሰማዋል። ጥርስ ከጥርስ የተገናኘው ያኔ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ፤ የብሎኑ ራስ ሲያርፍ ሩብ ዙር እንኳ ሳትጨምሩ ቁሙ። በጉልበት ማጥበቅ ለፕላስቲክ ምንም አይጠቅምም።

ብረት ከብረት ለሚገናኝበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሞተሩን ለሚይዙት ብሎኖች፣ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ንዝረቱ ይፈታቸዋል። ይኸው ማጣበቂያ ፕላስቲክ ከነካ ግን ፕላስቲኩን ያሰነጥቀዋል።

ወደ ሙቀት እንግባ። ሞተሩ ዘንግ ላይ የተቀመጠችው ትንሿ ጥርስ ፒኒየን፣ እሷ የምታዞረው ትልቁ ጥርስ ስፐር ይባላል። ይህች ጠረጴዛው ላይ ያለችው የታሚያ ቲቲ 02 ሻሲ ስትገዛ ፒኒየኗ 22፣ ስፐሯ 70 ጥርስ ነው፤ የውስጥ ማርሾቿ ደግሞ 2.6 ጊዜ ይቀንሳሉ። 70ን ለ22 አካፍላችሁ በ2.6 ስታባዙ 8.27 ይመጣል፤ ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ 8.27 ጊዜ ይዞራል። ፒኒየኗን በ25 ብትቀይሯት ቁጥሩ 7.28 ይሆናል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ትፈጥናለች፤ ከቆመችበት ስትነሳ ግን ሞተሩ ብዙ አምፔር ይስባል፤ ትርፉም ሙቀት ነው። ከፍ ያለ ጎማ መግጠም ሳታውቁት ፒኒየን እንደ መጨመር ነው። ሳር ላይ መንዳትም እንዲሁ ሞተሩን ያስጨንቃል፤ አስፋልት ላይ የማይሞቅ ሞተር ሳር ላይ ሊቃጠል ይችላል።

ልኩ የሚታወቀው በመለካት ነው። ባትሪውን ሞልታችሁ 3 ደቂቃ ንዱና የሞተሩን ቆርቆሮ በሌዘር ቴርሞሜትር ለኩ። እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ደህና ነው። 80 ከደረሰ አቁሙ፤ ሲቀዘቅዝ ፒኒየኗን በ1 ወይም በ2 ጥርስ ቀንሱ። ቴርሞሜትር የሌለው በጣቱ ይሞክር፤ 3 ሰከንድ ማሳረፍ ካቃተው ሞተሩ ይረፍ። ካርቦን ያለው ሞተር ሲሞቅ ካርቦኑን የምትገፋው ሞላ ትደክማለች፣ ካርቦኑ የሚያርፍበት መዳብም ይጠቁራል። ብራሽለስ፣ ማለትም ካርቦን የሌለው ሞተር፣ ሲሞቅ ደግሞ የውስጡ ማግኔት ጉልበቱን ያጣል፤ ያጣው ሲቀዘቅዝም አይመለስም። ከገበያ ሲመጣ ኃይለኛ የነበረ ሞተር ወር ሳይሞላው የሚሰንፈው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው።

የፒኒየንና የስፐር ርቀት በእጅ በሚስተካከልበት መኪና አንድ ቁራጭ የጽሕፈት ወረቀት በሁለቱ ጥርስ መካከል አስገቡ፤ ሞተሩን ወደ ስፐሩ ገፋ አድርጋችሁ ብሎኑን አጥብቁ፤ ከዚያ ስፐሩን እያዞራችሁ ወረቀቱን አውጡ። የተቆለመመ ሆኖ ግን ሳይቀደድ ከወጣ ልክ ነው። ከተቀደደ ጠብቋል፤ ይጮኻል፣ ይሞቃልም። ከላላ ደግሞ የስፐሩን ጥርስ ይበላዋል።

ሞተር በሞቀ ቁጥር ግን ፒኒየንን አትክሰሱ። ሞተሩን አውጡና ጎማዎቹን በእጅ አዙሩ፤ ያለምንም ጭንቀት መዞር አለባቸው። ምንጣፍ ላይ የተነዳች መኪና ዘንጓ ላይ ፀጉርና ክር ይጠመጠምና ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። ማንም የማያየው ይህ ክር ሞተር ያቃጥላል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል ጉልበቱ አይቀንስም፤ የሚያቀዘቅዘው አየር ግን ስለሳሳ ቶሎ ይሞቃል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ ልክ የነበረ ፒኒየን እዚህ አንድ ጥርስ ቢቀነስለት ይሻላል። በነዳጅ የሚሠራው የናይትሮ ሞተር ደግሞ ጉልበቱ ራሱ ይወርዳል። ዝቅ ያለ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ አይፈጥንም። የነዳጁን መርፌ፣ ማለትም የሚገባውን ነዳጅ የሚወስነውን ብሎን፣ ወደ ቀኝ በጣም በትንሽ በትንሹ፣ የሰዓት ረጅሙ እጅ በ5 ደቂቃ የሚዞረውን ያህል እያዞራችሁ ቀንሱ። አደገኛው ግን የመልሱ ጉዞ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለውን ሞተር ሳይነኩ ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ላይ ማስነሳት ነዳጅ እያነሰው በሙቀት ይጨርሰዋል፤ ነዳጁ ውስጥ ያለው ዘይትም አብሮ ስለሚያንስ ፒስተኑ ይደርቃል። እዚያ ከመነሳቱ በፊት መርፌውን መልሳችሁ ክፈቱ። ነዳጁ ሜታኖልና ናይትሮሜቴን ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፤ ከዚህ የተነሳ ወደ ኢትዮጵያ መኪና ለሚያመጣ ሰው ኤሌክትሪኳን እንመክራለን፤ ክርክር አንገባም።

አሁን ወደ ባትሪ። ድሮ 6 የኒኬል ካድሚየም ሴል በአንድ ታስሮ 7.2 ቮልት ይሰጥ ነበር፤ እያንዳንዱ 1.2 ቮልት። ቀጥሎ የመጣው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ቮልቱ ያው ነው፤ የሚይዘው ግን ይበዛል። ኒኬል ታጋሽ ነው። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ታጋሽ አይደለም። የሊፖ አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከዚያ ማለፍ የለበትም። ከ3 በታች ከወረደ ይጎዳል። ለመቀመጫ የሚስማማው 3.8 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ከሪሞታችሁ ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጥፏቸው፤ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ገንዘብ ያተርፏችኋል።

ዋናው ወጥመድ የድሮ ስፒድ ኮንትሮል ላይ ሊፖ መሰካት ነው። ኒኬል ሲያልቅ መኪናዋ እየደከመች ራሷ ትነግራችኋለች። ሊፖ ግን እስከ መጨረሻው በጉልበት ይሄዳል፤ ደከመች ስትሉ ሴሎቹ ከ3 ቮልት ወርደዋል። አዲሱ ስፒድ ኮንትሮል ለሊፖ ከተስተካከለ ቮልቱ ሲወርድ ሞተሩን ያቆማል፤ የድሮው ይህን አያውቅም። የድሮዋን መኪና ካልቀየራችሁ ከባትሪው ትንሽ ነጭ ሶኬት ላይ የምትሰካ የቮልት መጮኺያ ግዙና 3.4 ላይ አድርጓት። ስትጮኽ አቁሙ፤ አንድ ዙር ብቻ ልጨምር የሚለው ነው ባትሪ የሚፈጀው።

ስትሞሉ አምፔሩ ከባትሪው መጠን ጋር እኩል ይሁን፦ ባለ 5000 ሚሊአምፔር አወር በ5 አምፔር፣ ባለ 3300 በ3.3። ትንሹ ነጭ ሶኬት ሁልጊዜ ይሰካ፤ ሴሎቹን እኩል የሚያደርጋቸው በእሱ ነው። ከሁሉ በላይ ቻርጀሩ ላይ የተመረጠው የባትሪ ዓይነት ይታይ። የኒኬል ቻርጅ የሚቆመው ባትሪው ሞልቶ ቮልቱ በጥቂቱ ዝቅ ሲል ነው። ሊፖ ላይ ያ ምልክት አይመጣም፤ ቻርጀሩ ዝም ብሎ መሙላቱን ይቀጥላል፣ መጨረሻው እሳት ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከመጋረጃና ከምንጣፍ ርቆ ይሞላ፤ ሰው ነቅቶ ባለበት ይሁን። ያበጠ ሊፖ በመርፌ አይወጋም፣ ተጭኖ አይስተካከልም፣ አይሞላም። የሚቃጠል ነገር በሌለበት ደጅ ይቀመጥና ባትሪ ወደሚቀበሉበት ይወሰድ።

መብራት በሚሄድበት ቤት ይህን ጨምሩበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ስክሪን ያለው ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ሞልቷል ብላችሁ ግማሽ ባትሪ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ይህ ጉዳት የለውም። ሰዓት ቆጥሮ የሚያቆመው ርካሽ ቻርጀር ግን ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል፤ የሞላውን ባትሪ እንደገና ሲሞላው ያድራል። ይህኛው ባትሪ ይገድላል።

ሙቀት የሚሸሸግበት ሌላው ቦታ ሶኬት ነው። ከድሮ መኪና ጋር የሚመጣው ነጩ የታሚያ ሶኬት ለመጀመሪያው ሞተር ይበቃል። ብርቱ ሞተር ሲገባ ውስጡ ይግልና ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ከዚያ አይነቀልም። በቢጫው ኤክስቲ 60 ይቀየር። ሥራው እዚህ እንደምታዩት ነው። በመጀመሪያ የባትሪውን ሁለት ሽቦ በአንድ መቁረጫ አንድ ላይ አትቁረጡ፤ መቁረጫው ሁለቱን ያገናኝና ብልጭ ይላል። ቀዩን ቁረጡ፣ በፕላስተር ሸፍኑት፣ ከዚያ ጥቁሩን። ሁለተኛ፣ የምትኮማተረዋን የላስቲክ ቱቦ ከመበየዳችሁ በፊት ሽቦው ላይ አስገቧት፤ ሁሉም ሰው ይህችን ይረሳና በይዶ ጨርሶ እንደገና ይነቅላል። ሦስተኛ፣ የምትበይዱት ሶኬት ላይ ጓደኛውን ሶኬት ሰክታችሁ ያዙት፤ ፕላስቲኩ ሲለሰልስ ፒኖቹ እንዳይጣመሙ ይይዛቸዋል። ሳልዳቶሬው ከ60 ዋት አይነስ፣ ጫፉም ሰፋ ያለ ይሁን። ቀጭን ጫፍ ቀስ ብሎ ስለሚያሞቅ ሽቦው ሳይግል ፕላስቲኩ ያልቃል። ሽቦውንም የፒኑን ጽዋም ለየብቻ ስታኞ አጠጡ፤ ከዚያ ሽቦውን ጽዋው ውስጥ አቅልጣችሁ አስገቡና ሳልዳቶሬውን አንሱ። 5 ሰከንድ እጃችሁ እንዳይንቀሳቀስ። 60/40 ስታኞ ሲረጋ የሚያበራ ከሆነ ይዟል። እንደ አመድ ደብዝዞ ፍርፍር ካለ ቀዝቃዛ ብየዳ ነው፤ መኪናዋ ስትነዳ እዚያው ይሞቃል፤ ድገሙት። ከመሰካታችሁ በፊት ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን በቴስተር እዩ። ተገልብጦ የተሰካ ባትሪ ስፒድ ኮንትሮሉን በአንዲት ቅጽበት ያቃጥለዋል።

አቧራ። በብዙ ኪቶች፣ ማለትም ራሳችሁ በምትገጣጥሟቸው መኪናዎች፣ ጎማውና ማርሹ የሚዞሩት በኩሽኔታ ፋንታ በገባ የፕላስቲክ ቀለበት (ቡሽ) ላይ ነው። አቧራ ሲገባበት ፕላስቲኩ ይበላል፣ ጎማው ይወዛወዛል፣ ማርሾቹ ይራራቃሉ። ከማናቸውም ጌጥ በፊት በብረት ኩሽኔታ ቀይሯቸው፤ ቲቲ 02 ላይ የሚበዛው መጠን ውስጡ 5፣ ውጪው 11 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ያረጀ ኩሽኔታ በጣት ሲዞር አሸዋ አሸዋ ይላል።

ከአቧራ ጋር ተያይዞ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ዘይት መቀባት ነው። ክንዶቹ የሚታጠፉበት ፒን ላይ ዘይት ወይም ግራሶ ስታደርጉ አቧራው ይጣበቅበትና ሁለቱ ተደባልቀው እንደ ሞረድ ይሆናሉ። እነዚያ ደረቅ ይሁኑ። ግራሶ የሚገባው ተዘግቶ ለሚቀር ቦታ ብቻ ነው፣ ማለትም ዲፈረንሻልና የማርሽ ቤት ውስጥ። ከነዱ በኋላ በቀለም ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። ክረምት ላይ ጭቃ ከነካት ጭቃው ይድረቅና በብሩሽ ይነሳ፤ በቧንቧ ውኃ አትርጯት። ውኃ አያስገባም የተባለው ስፒድ ኮንትሮሉ ነው እንጂ ኩሽኔታው አይደለም፤ ኩሽኔታ በ2 ቀን ይዝጋል። ኮብልስቶን ላይ የምትነዱ ደግሞ ዝቅ ያለች የአስፋልት መኪና አትግዙ። ሆዷ ከመሬት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ በየድንጋዩ ጠርዝ ትሰካለች። ከመሬት ከፍ ያለች ባጊ ወይም ትራክ ትሁን።

አሞርዛተር በአጭሩ። ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ በሲሊኮን ዘይት ሙሉት፤ ለ1 ለ10 ባጊ 350 ሲኤስቲ (የዘይቱ ውፍረት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ዘንጉን ቀስ ብላችሁ ከፍና ዝቅ አድርጉ፤ አረፋው ይውጣ፤ 10 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ዘንጉን ወደ ታች ስባችሁ ክዳኑን ከነላስቲኩ ዝጉ፤ ትርፍ ዘይት ይፍሰስ። ግራና ቀኙን ጎን ለጎን ይዛችሁ ጫኗቸው፤ እኩል ካልተመለሱ አንዱ ውስጥ አየር ቀርቷል። የመኪና ሞተር ዘይት አታድርጉበት፤ የላስቲክ ቀለበቱን ያሳብጠውና ማፍሰስ ይጀምራል።

መቀመጥ ደግሞ እንዲህ ነው የሚገድለው። መኪናዋ ለወራት ጎማዋ ላይ ስትቆም የጎማው ስፖንጅ በአንድ በኩል ይጨፈለቃል፣ ሞላዎቹም ተጭነው ይከርማሉ። ከሆዷ ስር አንድ ቁራጭ እንጨት አድርጉ፤ ጎማዎቿ አየር ላይ ይንጠልጠሉ። ፀሐይ ጎማውን ስለሚሰነጥቅ መስኮት ዳር አትቁም። ሊፖው እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት ላይ ሆኖ፣ ከመኪናዋ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሞልቶ የከረመ ያብጣል፣ ባዶውን የከረመ ደግሞ ከ3 ቮልት ይወርድና ቻርጀሩ አልቀበልም ይላል። በ2 ወር አንዴ ለኩት።

የሪሞቱን ተራ ባትሪዎች ግን የሚያስታውስ የለም። አልካላይን ባትሪ ሲያረጅ ያፈስሳል፤ የሪሞቱን ሞላዎችና ሽቦ ይበላል። ነጭና አረንጓዴ ብናኝ ካያችሁ ጥጥ በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ ነክራችሁ ጥረጉት፤ ሲፈላ ታያላችሁ። ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ አሲድ ነው የሚያጠፋው። ከዚያ በአልኮል አጽዱና ይድረቅ።

ከውጭ አገር ለሚያመጡ ሁለት ቃል። ሊፖ በሻንጣ አይላክም፤ በእጅ ቦርሳ ነው፤ ሶኬቱም በፕላስተር ይሸፈን። አየር መንገዶች የሚጠይቁት ዋት አወር ነው፦ ቮልቱን በአምፔር አወር አባዙ። ባለ 2 ሴል 7.4 ቮልት በ5 አምፔር አወር 37 ዋት አወር ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ስለሆነ ችግር የለበትም። ቻርጀሩን ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካላለ የአሜሪካ ቻርጀር ኢትዮጵያ 220 ላይ ሲሰካ በዚያው ቀን ያበቃል።

አሁን የቀረችው ይህች ናት፤ ዳር ላይ ያለችው፣ ለ20 ዓመት ካርቶን ውስጥ የቆየችው። እንዲህ ያለች መኪና ብታገኙ ባትሪ ሰክታችሁ ለመሞከር አትቸኩሉ። የቀድሞውን ባትሪ ተዉት፤ ጊዜው አልፏል። የድሮው ሪሞት 27 ሜጋኸርዝ ነው፤ በቀለም የሚለዩ 6 ክሪስታሎች ነበሩት፣ አንድ ዓይነት ቀለም የያዙ ሁለት ሰዎች አብረው መንዳት አይችሉም ነበር። በባለ 2 ቻናል (አንዱ ለመሪ፣ አንዱ ለፍጥነት) 2.4 ጊጋኸርዝ ቀይሩት። ሁለተኛው ሰርቮ የሚያንቀሳቅሰው ሜካኒካል ስፒድ ኮንትሮል ከነነጩ ሬዚስተሩ ይውጣ፤ በምትኩ የኤሌክትሮኒክሱ ይግባና ሽቦው ሪሲቨሩ ላይ ቻናል 2 ይሰካ። አዲሱ ስፒድ ኮንትሮል ለሪሲቨሩም መብራት ስለሚሰጥ የድሮዋ የሪሲቨር ባትሪ አያስፈልጋትም፤ ሁለቱ አብረው አይሰኩ። የማርሽ ቤቱን ክፈቱ፤ ግራሶው እንደ ሰም ደርቋል፤ ጥረጉና አዲስ ግራሶ በስሱ ቀቡ። የአሞርዛተሩን የላስቲክ ቀለበት ቀይሩ። ፕላስቲኩ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ብሎኖቹን ቀስ ብላችሁ ፍቱ፤ ስትመልሱ ያቺን የግራ ዙር አትርሱ። ሞተሩን ለብቻው በ2 ወይም በ3 ተራ ባትሪ ለ5 ደቂቃ አሽከርክሩት፤ ካርቦኑ እንደገና ይለማመዳል።

የፊት ጎማዎቹን ቀና የምታደርጉት ሰርቮው መሃል ላይ ሆኖ ነው። የሰርቮውን ክንድ ፍቱት፣ የሪሞቱን ትሪም (የመሪውን መሃል የሚያስተካክለውን ቁልፍ) ዜሮ ላይ አድርጉ፣ አብሩ፣ ሰርቮው መሃሉን ሲይዝ ክንዱን መልሱ። ከዚያ ከሆዷ ስር እንጨት አድርጉ። በመጀመሪያ ሪሞቱን፣ ቀጥሎ መኪናዋን አብሩ። ስታጠፉ ተቃራኒው ነው፤ መኪናዋ ትቅደም። ትዕዛዝ የሌላት መኪና የምትሰማው የሌላ ሲግናል ሊሆን ይችላል፣ ጎማዋ መሬት ላይ ከሆነም ቀጥ ብላ ግድግዳው ጋ ትሄዳለች። ጎማዎቹ አየር ላይ በትክክል ወደፊትና ወደኋላ ከዞሩ እንጨቱን አንሱ። 3 ደቂቃ ንዱና ሞተሩን ዳስሱ።